ስድስተኛው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2012 የሜሪላንድ ሕዝብ ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ሲወጣ የድምፅ መስጫው ወረቀት ሌሎች ጥያቄዎችም ነበሩበት። አራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ወጣቶች እንደ ነዋሪ ከፍለው ኮሌጅ ይማሩ ወይ ይላል። ሰባተኛው ስለ ቁማር ቤቶች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነውን ሐበሾች ለወራት ያሟገተን ግን ስድስተኛው ነበር፤ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በመንግሥት ሕግ ይጋቡ ወይስ አይጋቡ? አገረ ገዥው ማርቲን ኦማሊ ሕጉን ማርች 1 ቀን ፈርመውታል፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ፊርማ አሰባስበው ለሕዝብ ውሳኔ አቀረቡት። ኦማሊ ካቶሊክ ናቸው። የባልቲሞር ሊቀ ጳጳስ በዚህ ነገር እንዳይገፉበት በደብዳቤ ጠይቀዋቸው ነበር።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ረቡዕና ዓርብን አሜሪካም ሥራ ላይ ሆኜ እጾማለሁ። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። በስድስተኛው ጥያቄ ላይ የያዝኩት አቋም የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው።

ከምርጫው አንድ ዓመት በፊት የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ አንድ ሽማግሌ ተመድቤ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እሳቸውም ወንድ ናቸው። ቀኑን እኔ እሠራለሁ፤ ሌሊቱ የአስተማሪው ነው። ተኝቶ የሚውል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። ያኔ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው ያገላብጧቸው ነበር። ጠዋት ሳጥባቸው አንድም የመኝታ ቁስል አላየሁም። ብዙ ልጆች የወለዱ፣ ሀብት የሞላቸው ሰዎች ቤት ገብቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ያየሁት በጥቂቱ ነው። ማታ ከመውጣቴ በፊት አስተማሪው መቁጠሪያቸውን ይዘው ከአልጋው አጠገብ ይጸልያሉ። እኔም ቆሜ በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን እደግማለሁ።

በሽተኛው ሲያርፉ ለቅሶ ደራሽ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ንፍሮ ይቀርባል። አስተማሪውን ግን ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁና በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው። ትርጉሙን አልጠየቁኝም፤ እጄን ይዘው አለቀሱ።

ከዚያ የወረቀቱ ጉዳይ መጣ። የሟቹ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ከእሳቸው ይበልጥ ነበር። ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የቀረው የሚበልጠውን ይወስዳል። ለእሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፌደራል ሕግ በሩን ዘግቶታል፤ የትም ሄደው ቢጋቡ ኖሮ እንኳ የፌደራል መንግሥት አይቆጥረውም ነበር። ያንን ሁሉ ሌሊት የነቁ ሰው በሕግ ፊት ለሟቹ ባዳ ሆኑ። ቤቱን ሸጠው ጠባብ አፓርታማ ገቡ።

ምርጫው ሲቃረብ ናሙናው የድምፅ መስጫ በፖስታ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማከብራቸው እናት ቤት ቡና ላይ ተሰብስበን እኔ እንድተረጉም ተሰጠኝ። አራተኛውን ሁሉም «ይለፍ፣ ይለፍ» አሉ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ስኒው ሁሉ ቆመ።

«ይሄማ ሰዶምና ገሞራ ነው» አሉ እትዬ።

አንድ ወጣት «አገር ቤት እስር ቤት የሚያስገባ ነገር እዚህ በሠርግ?» አለ። እውነቱን ነው፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ያስቀጣል።

ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ካህን ከእምነቱ ውጪ የሆነ ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም ይላል፤ ማን በሃይማኖቱ ሥርዓት ይጋባ የሚለውን የሚወስነው ያው ሃይማኖት ነው ይላል። ከዚያ እትዬን ጠየቅኳቸው፤ «እርስዎ ከጋሼ ጋር የተጋባችሁት በቁርባን ነው?»

«ኧረ በሰማንያ ነው ልጄ።»

«ቤተ ክርስቲያን ያንን እንደ ተክሊል ትቆጥረዋለች?»

«አትቆጥረውም።»

«ሚስትነትዎን ግን ማን ካደ?»

ትንሽ ዝም አሉና «እሱማ ወንድና ሴት ነው!» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አልካድኳቸውም። እኔ ያልኩት ግን ይህ ነው፦ ሕዝባችን ቤተ ክርስቲያን ያልባረከችውን ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቅና ሲያከብር ኖሯል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕጋችንም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ተክሊል የእግዚአብሔር ቤት ምሥጢር ነው። የመንግሥት ወረቀት ጡረታ፣ ውርስና የሐኪም ቤት ፊርማ ነው። ያን ወረቀት ለጎረቤቴ ብሰጥ ከምሥጢሩ ምንም አይጎድልም።

ዘሌዋውያንን ከመጽሐፍ ቅዱሴ አልቀደድኩም፤ የጳውሎስን መልእክት ለሮሜ ሰዎችም አላለፍኩትም። ስለ ሰዶም ግን ሕዝቅኤልን ምዕራፍ 16 ላይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ርኩሰትንም ያነሳል፤ አስቀድሞ የሚያነሳው ግን ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የድሃውን እጅ አለማበርታትን ነው። ከዚያ ከጠባቡ አፓርታማ ወጥቼ ይህን ሳነብ ተከሳሹ ሌላ ሰው ነው ብዬ መተኛት አልቻልኩም።

በዚያ ዓመት ሌሎች አማኞችም በአደባባይ ተናግረዋል። ፕሬዚዳንት ኦባማ በሜይ ድጋፋቸውን ሲገልጹ ክርስትናቸውን ጠቅሰው፣ ለራስህ እንዲደረግልህ የምትወደውን ለሌላው አድርግ የሚለውን ትእዛዝ አንሥተዋል። ክሊንተን በምትባለው የሜሪላንድ ከተማ የማውንት ኢነን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ዴልማን ኮትስ ጥያቄው እንዲያልፍ ቀሰቀሱ። እነሱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ግን ከእነሱ ይልቅ የነፍስ አባቴን መስማት ነበረብኝ።

«ቤተ ክርስቲያን አትባርከውም» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባቴ። እንድትባርከው አልጠየቅኩም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ከእርስዎ ሸሽጌ እንዳላደርገው ብዬ ነው።»

ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ጡረታው፣ ድንኳን ስላልተተከለበት ለቅሶ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝ። «እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ አልመርጥም። አንቺን ግን ከቁርባን አልከለክልሽም፤ ጸሎትሽን አታቋርጪ» ብለው መስቀል አሳለሙኝ። ከእኔ ጋር ያልተስማሙ አባት ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ግን ወድጃቸው አላውቅም።

በሳንዲ አውሎ ነፋስ የተነሣ አስቀድሞ የሚመረጥባቸው ቀናት ተስተጓጉለው ስለነበር በምርጫው ዕለት ወጣሁ። ኖቬምበር 6፣ ማክሰኞ፣ በእኛ ጥቅምት 27፤ መድኃኔ ዓለም ነው። ስቅለቱ የሚታሰብበት መጋቢት 27 ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቤተ ክርስቲያናችን በዓሉን በጥቅምት ታከብረዋለች። ሳይነጋ ተነሥቼ መልክአ መድኃኔ ዓለም ደገምኩ፤ ከዚያ ሄጄ ተሰለፍኩ። ስድስተኛው ላይ «ይደገፍ» የሚለውን ስመርጥ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ጸልዬበት ነበርና።

ጥያቄው በ52.4 በመቶ አለፈ። ሜይንና የዋሽንግተን ክፍለ ግዛትም በዚያው ቀን አጸደቁት፤ ከዚያ በፊት በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀው ክፍለ ግዛት አልነበረም። የሜሪላንዱ ሕግ ጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ሥራ ላይ ዋለ። በጁን ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1996ቱን የፌደራል ሕግ ዋና ድንጋጌ ሻረው። ለአስተማሪው ዘግይቷል፤ የሞተውን ማግባት አይቻልም። ያንን ጡረታ ሳያገኙ አረፉ።

እኔ ዛሬም በዚያው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳለሁ። ካህናቶቻችን ተክሊል የሚያደርሱት እንደ ቀድሞው ለወንድና ለሴት ነው፤ ሌላ አድርሱ ብሎ ያስገደዳቸው የለም። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ በእኔ ምርጫ ባትስማሙም አልቀየማችሁም። ልጃችሁ ወይም እኅታችሁ አንድ ቀን መጥታ «እኔ እንዲህ ነኝ» ካለቻችሁ ግን፣ ስለ መድኃኔ ዓለም ብላችሁ ከማዕዳችሁ አትለዩአት።