«ማዘር በአዲዳስ!»... ያምርባታል ወይስ አያምርባትም?

እናንተዬ! የአዲስ አበባን ፋሽን ማየት የፈለገ ሰው የግድ ቦሌ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ መጎለት የለበትም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መስቀል አደባባይ ብቅ ይበል። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ተከፍቷል፤ እርከኑ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉት ግን ጎረምሶች ብቻ አይደሉም። አጠገቡ ካለው ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን አድርሰው የሚመጡ እናቶችም አሉ። ከላይ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ረጅም ቀሚስ፣ ከቀሚሱ ሥር ደግሞ... ባለ ሦስት መስመር ቱታ! ቀሚሱ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ቱታው ለአደባባዩ መሆኑ ነው። አንዲት ስልሳውን የዘለሉ እናት ቀሚሳቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ከተቱና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እርምጃቸውን ቀጠሉ። ማን ይስቅባቸዋል? ማንም።

ሳቁ ያለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከዚያም ብሶ ቤት ውስጥ! አንድ ጀለሴ አለ። «ማዘር እኮ ልጅ ሆነች፤ ቱታ በኮፍያ ግጥም አድርጋ ስትወጣ የማፍረው እኔ ነኝ» ይላል። እናቱ 61 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪም በየቀኑ እንዲራመዱ አዟቸዋል። ቱታውንም ጫማውንም የላከችው ቨርጂኒያ ያለችው ልጃቸው ናት። ታዲያ ይሄ አራዳ ነኝ ባይ አንድ ማታ እራት ላይ «ሰው እኮ እየሳቀብሽ ነው» አላቸው። እሳቸውም ምንም አልመለሱም። በማግስቱ ግን ጫማው አልጋ ሥር ገባ፣ እርምጃውም ቀረ። ይኸው ሁለት ወር ሆነው።

እንግዲህ ጥያቄው የመስታወት ፊት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂም ለአረጋዊም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመክራል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ እየደነዘዘ ቁስሉ ላይታወቀው ይችላል፤ ስለዚህ ለስላሳ፣ ድፍን፣ በልኩ የሆነ ጫማ ያስፈልገዋል። ስኒከሩን የእናንተ «ሙድ» አድርጋችሁ አትዩት፣ ለእሳቸው መድኃኒት ነው!

ደግሞስ «የወጣት ልብስ» ያለው ማነው? አዲዳስ የተመሠረተው በ1949 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ነው። ያን ቀን አደባባዩ ላይ ካየኋቸው እናቶች ብዙዎቹ ያኔ አልተወለዱም። ጂንስማ የባሰበት ሽማግሌ ነው፤ ሊቫይ ስትራውስና ጃኮብ ዴቪስ በብረት የተመታውን የሥራ ሱሪ ያስመዘገቡት በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ልብሱ ከእናቶቻችን በዕድሜ እየበለጠ እኛ «አይመጥንሽም» እንላለን!

ከአደባባዩ በታክሲ መርካቶ፣ ጫማ ተራ ወረድኩ። እዚያ ብራንድ እንደ ጎመን ነው፤ ተቆልሎ ይጠራል። አንዱ ልጅ «እናት፣ ኦሪጅናል ነው፣ ይሞክሩት!» እያለ አንዲት እናት ፊት ጫማ ያገላብጣል። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው መስመሮቹን ቆጠሩና «የኔ ልጅ፣ ይሄ አራተኛው ምርቃት ነው?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ሳይገዙ ሄዱ። የምትገዙላቸው ከሆነ ራሳቸውን ይዛችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር ሲውል ያብጣል፣ በዕድሜም ይሰፋል፤ የአምስት ዓመት በፊት ቁጥራቸውን ይዞ መሮጥ ዋጋ የለውም።

የማያምር ነገር የለም እያልኩ ግን አይደለም። አለ እንጂ! እዚያው ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት አያት ደረታቸው ላይ በሚያብረቀርቅ ጽሑፍ «ቤቢ ገርል» የሚል ቲሸርት ለብሰው ቆመዋል። ከሻንጣ አውጥቶ የሰጣቸው ሰው ምን እንደሚል አልነገራቸውም ማለት ነው። ማፈር ያለበት እሱ ነው። የልጅን ቁጥር እናት ላይ ማጥበቅም ያው ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ታይት የሃያ ዓመት ልጅ ላይም አያምርም። ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚለበስ ደግሞ እነሱ እኛን ያስተምሩን።

ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ታክሲ ስድስት ኪሎን ሲያልፍ ዩኒቨርሲቲውን አሻግሬ አየሁት። በ1960 ዓ.ም. እዚያ ግቢ የተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት «ባዕድ ባህል ነው» በሚሉ ተማሪዎች ተቃውሞ ታምሶ ነበር። የሚኒና የአፍሮ ዘመን ነው። ያኔ 18 ዓመቷ የነበረች ልጅ ዛሬ ሰባ አምስትን ተሻግራለች። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእሷ ታናናሾች ካኪ ለብሰው ለእድገት በኅብረት ዘመቱ። አንዴ የዘመኑ አብዮተኛ፣ አንዴ መንግሥት ልብስ የመረጠላቸው ሴቶች ናቸው። አሁን ደግሞ ተራው የልጆቻቸው ሆነና እራት ላይ ፍርድ ይሰጣል!

ሽሮ ሜዳ ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ወጣቶቹ የአያቶቻቸውን የሀበሻ ቀሚስ ከጉልበት በላይ አስቆርጠው፣ በስኒከር ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ያምርባቸዋል፣ አልክድም። የአያት ልብስ ለወጣት ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልሰማሁም። ከአንዱ ሱቅ በር ላይ ጂንስ የለበሱ ስልሳ የሚጠጉ እናት ከልጃቸው ጋር ነጠላ ይመርጣሉ። ልጅቷ ቀይ ጥለት ያለውን ይዛ ትሟገታለች።

«ተይ፣ ከጫማዬ ጋር አይሄድም» አሏትና ሰማያዊውን አስጠቀለሉ።