በቡሄ ዕለት ከወዳጆቻችን ጋራ

የሰው ልጅ ኀዘኑን ብቻውን ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፤ ደስታውን ግን የሚቀበለው ሰው ካላገኘ ደስታው በአፉ ውስጥ ይቀራል። ይህን እኛ ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ ባለፈው ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ ዕለት፣ በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ አጥር ደጅ ቆመን ከሕፃናት አፍ ሰማነው እንጂ። ነገሩ የሁለት ወዳጆቻችንን ገመና፣ የእኛንም ጥፋት የሚገልጥ ነው። ነገር ግን ልጅ ለሚያሳድጉ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብለን ስለ አሰብን ስማቸውን ሰውረን እንጽፈዋለን።

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ሰው የነሐሴን ወር ጠባይ ያውቃል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ጉም እየወረደ ከተማውን ይሸፍናል፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከተማዪቱ በራስ ጉግሣ ዘመን የተቈረቈረች ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋትም በአጠገቧ ይገኛል። ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት ተጐትቶ ወደ መቅደላ ሄደ፤ ዛሬም በዚያው ተቀምጧል። ለደብረ ታቦር የቀረላት ነጐድጓድ እንግዲህ የልጆቿ ጅራፍ ነው።

ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ የገለጠበት ይህ በዓል በአገራችን ቡሄ ይባላል። የጅራፉ ጩኸት በዚያ ቀን ከደመና የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው። ስለ ችቦውና ስለ ሙልሙሉ ደግሞ አባቶች የሚነግሩን ይህ ነው፦ በተራራው ዙሪያ የነበሩ እረኞች ብርሃኑ ቀን መስሏቸው በሜዳ ስለ ቆዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ስለዚህ ሙልሙል ማለት ልጁን በጨለማ የሚፈልግ አባት በእጁ የያዘው ዳቦ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በዓሉ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ሥጋና ቅቤ የለበትም፤ ዳቦና ጠላ፣ ባቄላና ሽምብራ ነው። በዚያ ቀን የባለጸጋውና የድኻው ገበታ እምብዛም አይለያይም።

እኛና ሁለቱ ወዳጆቻችን በአንድ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረን ዳዊት ደግመናል። ቡሄ ሲደርስ ሦስታችንም ከመንደሩ ልጆች ጋራ ሆያ ሆዬ እያልን በየደጁ እንዞር ነበር። አንደኛው ድምፁ መልካም ስለ ነበረ አውራጅ ነበረ። ሁለተኛው ጉልበታም ስለ ነበረ ዱላውን መሬት ላይ እየደቃ ተቀባዮችን ይመራ ነበር። እኛ ግን ለድምፅም ለጉልበትም ስለማንበቃ ሙልሙሉን በአቁማዳ ተሸክመን፣ ማታ ቈጥረን ለሁሉም እናካፍል ነበር። ምናልባት ጸሐፊ እንደምንሆን ያን ጊዜ ታውቆ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ መንገዳችን ተለያየ። አውራጁ ዜማ ተምሮ መሪጌታ ሆነ። ተቀባዩ አባቱ ስለ ሞተበት ትምህርቱን ትቶ ሞፈር ጨበጠ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን፣ በመጨረሻ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆንን። ወዳጅነታችን ግን አልተቋረጠም ነበር፤ ይልቁንም ገበሬው ልጅ በወለደ ጊዜ የክርስትና አባት የሆነለት መሪጌታው ነው። በየዓመቱም ለቡሄ ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት በሁለቱ የእርሻ ይዞታ መካከል ያለች፣ ስፋቷ ከስድስት ክንድ የማትበልጥ ድንበር አጣላቻቸው። ክረምቱ ጐርፍ አውርዶ የድንበሩን ድንጋይ አንከባለለው፤ አንዱ «አንተ ገፋኸው» አለ፤ ሌላውም «አንተ ነህ» ብሎ መለሰ። ነገሩም እኛ ወደምንሠራበት ፍርድ ቤት መጣ። አቤቱታቸውን ተቀብለን በመዝገብ ያገባን እኛ ነን። ቃላቸውን የጻፍነውም በእጃችን ነው፤ ጽሕፈታችንም መልካም ነው ተብሎ ተመስግነንበታል። በአንድ ቀን ሁለቱም እየተነሡ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ብለው ተከራከሩ፤ እኛም ያንኑ ተረት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወዳጆቻችን እርስ በርሳቸው «አንቱ» መባባል ጀመሩ። አንቱታ በአገራችን የክብር ቃል ነው፤ አብረው ጭቃ ባቦኩ ሰዎች መካከል ሲገባ ግን እንደ እሾህ አጥር ነው። ሙልሙሉም ተቋረጠ። እኛም «የመንግሥት ጸሐፊ ነን፤ ለማንም ማድላት አይገባንም» እያልን የሁለቱንም ደጅ ተውነው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ አለማድላት አልነበረም። የሁለት ሰዎችን ቍጣ ፈርተን በሥራችን መሸሸጋችን ነበር።

ባለፈው ቡሄ ገበሬውን ከእኛ ጋራ በዓሉን እንዲውል ለመንነው፤ እሽ ብሎ በዋዜማው መጣ። ማታ በደጃችን ችቦ አበራን። ሌሊት ተነሥተንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከሊቃውንቱ መካከል መሪጌታው መቋሚያውን ይዞ እንደሚቆም ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሆኖም ስሙን አላነሣንም።

ስለ ደብረ ታቦር አቋቋም የሚነገረውን አንባቢ ሳያውቅ አይቀርም። በጨዋታቸው የታወቁት የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና፣ የጣና ደንገል በማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል አይተው አዲስ ዝማሜ አወጡ ይባላል። የጐንደር ሊቃውንት አልቀበል ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ደብረ ታቦርም ተቀበለችው፤ እስከ ዛሬም የተክሌ ይባላል። በዚያች ሌሊት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ ከበሮው ቀስ እያለ፣ ጸናጽሉ እየመለሰ፣ መቋሚያው ሁሉ በአንድነት ሲያዘነብልና ሲቃና ስናይ ደንገሉና ውኃው በዓይናችን መጣ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ኦርጋን ሲመታ ሰምተናል፤ መልካም ነገር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ድምፁን ሁሉ ያወጣዋል። በማኅሌት ግን እንዲህ የለም። ቀኙ ያነሣውን ግራው ካልተቀበለው ዜማው በመንገድ ይቀራል።

ይህን ስናስብ በአጠገባችን የሆነ ጕርምርምታ ሰማን። ከሠላሳ ዓመት በፊት ትምህርቱን የተወው ገበሬ፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ፣ መሪጌታው ያነሣውን በቀስታ ይቀበል ነበር። ማንም ያልሰማው መስሎታል። እኛም እንዳልሰማን ሆነን ዝም አልን።

ሲነጋ ዝናሙ ስለ አባራ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሜዳ ወጣ። ከሌላ አገር የመጡ እንግዶችም ነበሩ። ጐረምሶች ጅራፋቸውን ከራሳቸው በላይ አዙረው ሲያጮኹ የተራራው ገደል መልሶ ያስተጋባል፤ ልጃገረዶች እየሣቁ ይሸሻሉ፤ ሽማግሌዎች የማንኛው ጩኸት እንደሚበልጥ ይፈርዳሉ። የሆያ ሆዬ ልጆችም በየጭፍራቸው ተሰልፈው ከደጅ ወደ ደጅ ይጓዙ ነበር። እኛም ከቀትር በኋላ ወዳጃችንን ይዘን ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ሆን ብለን በመሪጌታው አጥር በኩል የሚያልፈውን መንገድ መረጥን።

እዚያም ስንደርስ አንድ የልጆች ጭፍራ በደጁ ቆሞ ሲዘፍን አገኘነው። አውራጁ ከአክስቱ ዘንድ ተቀምጦ በከተማ የሚማረው የገበሬው ልጅ ነበር። ልጁ የማን ደጅ እንደ ቆመ ያውቃል፤ ድምፁም ጥቂት ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓደኞቹ ግን ዱላቸውን እየደቁ ስለ ተቀበሉት ዝም ሊል አልቻለም። አባቱ ከእኛ ጋራ ከአጥሩ ማዶ ደርቆ ቀረ።

የመሪጌታው ባለቤት ሁለት ሙልሙል ይዛ ብቅ አለች፤ አንዱ ለጭፍራው ነው፤ ሁለተኛው ተለቅ ያለ ነው። ባሏንም እንዲህ ስትለው ሰማን፦ «የእርስዎን ክርክር እርስዎ ያውቃሉ። ልጁ ግን ከማን ጋራ ተካሰሰ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድርሻውን እየጋገርሁ ለነዳይ ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ ግን ባለድርሻው ራሱ መጥቷል።»

መሪጌታው ዳቦውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ በሩ መጣ። ልጁ ዘፈኑን አቋርጦ ጕልበቱን ሳመ። መሪጌታው ግን የመምህርነት ነገር አልተወውምና ከምርቃቱ በፊት «ማብቂያው ላይ ዜማውን ሰበርኸው። ማን ነው ያስተማረህ?» አለው።

ልጁም «አባቴ» አለ።

መሪጌታው ቀና ሲል ከአጥሩ ማዶ አባቱን አየ። ጥቂት ቆይቶም «አንተ ነህ እንዲህ አድርገህ ያስተማርኸው?» አለ።

ገበሬው ብዙ ዝም አለ። በኋላ «አውራጁ አንተ ነበርህ፤ እኔ ተቀባይ ነበርሁ። የተቀባይ ልጅ ከዚህ የተሻለ ከወዴት ያመጣል?» ብሎ መለሰ።

በሦስት ዓመት ውስጥ «አንተ» ሲባባሉ የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ገብተን ተቀመጥን፤ ዳቦ ተቈረሰ፤ ጠላ ተቀዳ። ስለ ድንበሩ ማንም አላነሣም። እኛም ነገሩ በዚህ አለፈልን ብለን ደስ ሲለን፣ ገበሬው ወደ እኛ ዞረና «ድሮ ሙልሙሉን የምታካፍለን አንተ ነበርህ፤ ሦስት ዓመት የት ነበርህ?» አለን። ሁለቱም ተመለከቱን። በመዝገብ ቤት ነበርን ልንል ወደድን፤ ቃሉ ግን ከአፋችን አልወጣም። ብዙ ምስክር ሲጠየቅ አይተናል፤ እንደዚያች ጥያቄ ያለች ግን አልገጠመችንም።

ሙልሙል መዝገብ አይዘጋም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ በስምምነት ክርክራቸውን እንዲጨርሱ ይፈቅዳል። እኛ ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ ለሌሎች ገልብጠናል! ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ስድስቱን ክንድ ለሁለቱም መተላለፊያ እንዲሆን አደረጉ። የስምምነቱን ቃል ወደ መዝገቡ ስናገባ የእኛ ጽሕፈት እንደ ቀድሞው ያማረ አልነበረም፤ ማንም ግን አልነቀፈንም።

አንባቢ ሆይ! በብዙዎቻችን ቤት ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ጋራ የተጀመረ ክርክር አለ፤ ከእነዚህም አንዳንዱ በእውነት ፍርድ የሚሻ ነው። ፍርዱን በሥርዓቱ እንጠይቅ። ነገር ግን ልጆቻችን ያልፈረሙበትን ክስ አናውርሳቸው። ከሁለት ባላጋራዎች መካከል ያለንም ሰዎች ዝምታችንን ፍትሕ አድርገን አንቍጠረው። የተቈጣ ሰው ደጅ መሄድ ቢያስፈራን፣ ቢያንስ ለልጁ ድርሻውን ይዘንለት እንሂድ።