ዘበኝነት በባዕድ አገር

ሠርቶ መብላት ከአባታችን ከአዳም ጀምሮ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ዕጣ ነው። ስለዚህ በላብ የሚገኝ እንጀራ፣ በእርሻም ይሁን በንግድ፣ በጽሕፈትም ይሁን በር በመጠበቅ ቢገኝ፣ በእግዚአብሔር ፊት ነውር የለበትም። በአገራችን ግን ዘበኝነትን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ካፖርት ደርቦ፣ ዱላ ይዞ በሰው ደጅ የሚያድረውን አረጋዊ ስናይ ሌላ ሥራ ያጣ ሰው ይመስለናል። ይኸው ሥራ ከባሕር ማዶ ሲጠራ ግን ወጣቶች ይሽቀዳደሙለታል፤ ወላጆችም ጥሪታቸውን ይሸጡለታል። እኛም በቤታችን የደረሰውን ምክንያት አድርገን ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

እኛ የጎርጎራ ሰዎች ነን። ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር፣ በደምቢያ ምድር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ አካባቢ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በግድግዳ ሥዕሎቿ እስከ ዛሬ ትታወቃለች። ሕዝቡ በደምቢያ ጥቁር አፈር እያረሰ፣ በደንገል ታንኳም ዓሣ እያጠመደ ኖሯል። ዳሩ ግን መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠበበ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ተንሰራፍቶ ዓሣ አጥማጁን ከመረቡ፣ ከብቱንም ከግጦሹ አራቀ። በ2012 ዓ.ም. የታወጀው ገበታ ለሀገር ጎርጎራን ከሦስቱ ቦታዎች አንዷ ቢያደርጋትም፣ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የክልሉ ጸጥታ በመታወኩ ጎብኚው አነሰ። እንግዲህ ወጣቱ ዓይኑን ወደ ሩቅ ቢያነሣ ምን ይደንቃል?

የእኅታችን ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ደላላ ወደ ቤታችን መጣ። «በኳታር በትልቅ ሆቴል በር ዘበኛ ይሆናል፤ ቪዛው ተዘጋጅቷል፤ ገንዘቡን በሳምንት ውስጥ ካላስረከባችሁ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል» አለ። የተጠየቀው ገንዘብ የሁለቱን የእርሻ በሬዎች ዋጋ የሚያህል ነበር። እናቱ አለቀሰች። እኛ ዝም ብለን ሳለን ልጁ፣ «አጎቴ፣ በሬ ቢሸጥ ይተካል፤ እዚህ ተቀምጬ የሚያልፈውን ዕድሜዬን ግን ማን ይተካልኛል?» አለ። ቃሉ እውነት ስለ ነበረ የምንመልሰው ቸገረን።

የነፍስ አባታችንን ጠርተን አማከርናቸው። እርሳቸውም ደላላውን በእርጋታ ሦስት ነገር ጠየቁት፤ አሠሪው ማን ነው? ደመወዙ ስንት ነው? በሳምንት ስንት ቀን ያርፋል? ደላላው፣ «አባቴ፣ ውሉ እዚያ ሲደርስ ይፈረማል» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም።

እኛ ግን ልጁን ተስፋ አስቆርጠን ማስቀረት አልፈለግንም፤ ነገሩን መረመርን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና እንደ ሕክምና ምርመራ ያለውን ነው። እንግዲያው ደላላው በሬ የሚያሸጠን ሕጉ በአሠሪው ላይ ለጣለው ዕዳ ነበር ማለት ነው።

ሥራውም ቢሆን እንደሚወራለት ቀላል አይደለም። በዱባይ የጥበቃ ሠራተኛ ሠልጥኖ፣ ተፈትኖና ፈቃድ አግኝቶ ነው በር ላይ የሚቆመው፤ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ የማይችል ሰው ይቸገራል። ኳታርም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ለሠራተኛ ሁሉ በወር ከ1,000 ሪያል ያላነሰ ደመወዝ ወስናለች። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ፣ በዚያው አገር በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት 84 ሰዓት ያለ ዕረፍት ቀን የሚሠሩ የጥበቃ ሠራተኞች መኖራቸውን ገልጿል፤ የአገሩ ሕግ ግን ከተጨማሪ ሰዓት ጋር ከ60 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። የነፍስ አባታችን ስለ ዕረፍት ቀን አጥብቀው የጠየቁት በከንቱ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባን። ዕረፍት የሌለው ክርስቲያን ሰንበት የለውም፤ ቅዳሴም አይሰማም።

ወረቀት የሌለው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ አገራችን በመከራ ተምራዋለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃና ባሕር ዳር በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሠዉትን ወንድሞቻችንንም ቤተ ክርስቲያናችን አትረሳቸውም።

የእኅታችን ልጅ አንድ ዓመት ጎንደር ተቀምጦ እንግሊዝኛውን አጠናከረ፤ የጥበቃ ሥልጠናም ወሰደ። ከዚያም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ ውሉን አንብቦና ፈርሞ ወደ ዱባይ ሄደ። በሬዎቹም አልተሸጡም። ዛሬ ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከኔፓል ከመጡ ባልንጀሮች ጋር በአንድ ሕንፃ በር ይቆማል። ከሙቀቱ ይልቅ ሲቆሙ መዋል እንደሚያደክም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓል እንደሚከብድ ይነግረናል። አምና የትንሣኤ ሌሊት ተረኛ ስለ ነበረ፣ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሆና ስልኳን ወደ ካህናቱ ዜማ ዘርግታ አሰማችው። ፆሙን ግን እስከ አሁን አልሻረም። ይህን ስንሰማ ደስታና ኀዘን በአንድነት ይመጣብናል፤ ቤቱ ጎድሏልና።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሊሄዱ ሲነሡ በመርገም አትከልክሏቸው፤ በችኮላም አትስደዷቸው። አንደኛ፣ ውሉን በሚያውቁት ቋንቋ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው የመንግሥትን የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ሦስተኛ፣ የሳምንት ዕረፍት መኖሩን ከደመወዙ እኩል መርምሩ። አራተኛ፣ ከመሄዳቸው በፊት ከንስሓ አባታቸው ጋር አገናኟቸው፤ በሄዱበት የኢትዮጵያውያን ማኅበረ ምእመናን ካለ እንዲፈልጉ፣ በሌለበትም የጸሎት መጽሐፋቸው ከእጃቸው እንዳይለይ ምከሯቸው።

ቅዱስ ዮሴፍ በግብፅ ምድር የሰውን ቤት በታማኝነት ጠበቀ፤ ማንም በማያየውም ስፍራ ራሱን ጠበቀ። በባዕድ አገር በር ላይ የቆመ ወንድማችንም የሚጠብቀው የሌላውን ሰው ንብረት ብቻ አይደለም። የራሱን ክብር፣ የእናቱን ተስፋና የአባቶቹን ሃይማኖት ይጠብቃል። እኛም ከዚህ በኋላ በከተማችን በየደጁ የሚያድሩትን ዘበኞች «እንደ ምን አደሩ?» ብለን በአክብሮት ሰላምታ ብንሰጣቸው ይገባናል፤ የእኛ ልጅ በሰው አገር የሚናፍቀው ይህን ነውና።

የማይተኛው የእስራኤል ጠባቂ በየአገሩ የተበተኑትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በሰላም ወደ አገራቸው ይመልስልን። አሜን።