አቦል፣ ቶና፣ ፎቦስ

የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነኝ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፎጊ ቦተም በሚባለው ሰፈር፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ፣ አንድ ሰው በግድ በምትችል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ "የጠፈር ስፖርት ፈልሳፊ" የሚል ማዕረግ ስትሰሙ እንዳትደነግጡ ነው። ማዕረጉን የሰጠኝ የእህቴ ልጅ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ጡረታ የለውም፤ ፒዛ አለው።

ልጁ ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው። እሱና አራት ጓደኞቹ በየቅዳሜው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንዱ የማርስ ነጋዴ ነው። አንዷ ከጋኒሜድ የተሰደደች መሐንዲስ ናት። አንደኛው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ብቻ አይናገርም፣ ያፏጫል። የእህቴ ልጅ ተራኪም ዳኛም ነው። "በሩ ተከፈተ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እነሱ ይመልሳሉ፣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወረወራል፣ ዳይሱ ይፈርዳል። ይህን ዓይነት ጨዋታ በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን "ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" ብለው በካርቶን አሽገው ለገበያ አወጡት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የጠፈር ነገር ሁሉ የተመዘገበው በሱ ነው።) እኛ ሰፈር ስሙ እቃ እቃ ነበር። "እኔ እናት ልሁን፣ አንቺ እንግዳ ሁኚ፣ አንተ ከሥራ ና።" በቆርኪ ወጥ ይሠራል፣ በጭቃ እንጀራ ይጋገራል። ዳይስ አልነበረንም። የዳይሱን ሥራ የሚሠራው በዕድሜ ትልቁ ልጅ ነበር፤ "ሞተሃል" ካለህ ሞተሃል።

ጥር ላይ የልጆቹ ታሪክ አንድ ቦታ ደረሰ። ፕላኔቶቹ ጦርነት ሰልችቷቸው በስፖርት ሊገናኙ ሆነ። ቡድኖች ተሰየሙ፣ ባንዲራ ተሣለ፣ የማርሱ ነጋዴ ገና ከወዲሁ ትኬት በአየር ላይ ሲቸበችብ ተያዘ። የጎደለው ስፖርቱ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣" አለኝ የእህቴ ልጅ፣ "አንተ ፊዚክስ ታስተምር የለ? ስፖርት ፍጠርልን። ያልነበረ። ኒው።"

እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከፈተና ውጪ ለሌላ ጉዳይ ፊዚክስ የፈለገ ተማሪ አልገጠመኝም። ስለዚህ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን እንዳያውቅብኝ ግን "እስቲ ጊዜ ካገኘሁ" አልኩት።

በሳምንቱ ሦስት ገጽ ሙሉ ይዤ ሄድኩ። ጨረቃ ላይ የሚካሄድ ኳስ ነበር። የስበት ኃይሉ ከምድር አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ሜዳው ስድስት እጥፍ መርዘም አለበት፤ እዚህ ስድሳ ሜትር የሚሄድ ምት እዚያ የሚገታው አየር ስለሌለ ከሦስት መቶ ስድሳ ሜትር ያልፋል። አየር ከሌለ ድምፅ የለም፤ ዳኛው ቢነፋ የሚሰማው የለም። ተጫዋችም ደጋፊም የሚገናኘው በሬዲዮ ነውና ዳኛን መሳደብ ወረፋ አለው። ይህችን የመጨረሻዋን በጣም ወድጃት ነበር።

ልጆቹ በትሕትና አዳመጡኝ። ከጋኒሜድ የመጣችው መሐንዲስ ራሷን ነቀነቀች። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኳስ ነው። ሄልሜት ያደረገ ኳስ።"

ተሸማቀቅኩ፤ ግን በእኔ ብቻ አትፍረዱ። የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ ሲያነሳም የሠራው ይህንኑ ነው። ፌብሩዋሪ 1971 የአፖሎ 14 አዛዥ አለን ሼፐርድ የጎልፍ ዱላ ራስ በካልሲ ደብቆ ወስዶ፣ አፈርና ድንጋይ በሚለቅሙበት መሣሪያ እጀታ ላይ ሰክቶ፣ ኳሶች መታ። ልብሱ ስለማያፈናፍነው በአንድ እጁ ነበር የሚመታው። ሁለተኛዋን ከመታ በኋላ ማይሎች ሄደች ብሎ በሬዲዮ አወራ። ሃምሳ ዓመት አልፎ ፎቶግራፎቹ በዘመኑ መሣሪያ ሲመረመሩ የመጀመሪያዋ ወደ 22 ሜትር፣ ሁለተኛዋ ወደ 37 ሜትር ሆና ተገኘች። ጓደኛው ኤድጋር ሚቼል ደግሞ የሥራ ዘንግ አንሥቶ እንደ ጦር ወረወረ። ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄደው፣ ያደረጉት የሰፈራቸውን ጨዋታ ነው። እኔን የነካኝ ግን ካልሲው ነው። እኛም ኳሳችንን የምንሠራው በካልሲ ነበር፤ ውስጡን ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀን፣ አፉን በሲባጎ አስረን። እማዬ አንድ እግር ካልሲ ሁልጊዜ ለምን እንደሚጠፋ ሳታውቅ ኖራለች።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ገባኝ። የተሳሳትኩት ስፖርቱን ካለኝ ነገር ጀምሬ ስለሠራሁ ነው። ጨዋታ የሚጀምረው ከሌለ ነገር ነው። በ1891 ክረምት፣ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር በብርዱ ቤት የተቆለፈባቸውን ጎረምሶች የሚያደክም ጨዋታ ቸግሮት ለጽዳት ሠራተኛው "ሁለት ሣጥን ፈልግልኝ" አለው። ሣጥን ጠፋ። ሰውዬው የኮክ ፍሬ ቅርጫት ይዞ መጣ። የቅርጫቶቹ ቂጥ ስላልተቀደደ፣ ጎል በገባ ቁጥር አንድ ሰው በመሰላል ወጥቶ ኳሱን ያወርድ ነበር። ያን ቀን ሣጥን ተገኝቶ ቢሆን ዛሬ የምናየው ጨዋታ ስሙ የሣጥን ኳስ ነበር።

ጠፈር ላይ የሌለው ደግሞ ክብደት ነው። ሁለተኛው ሙከራዬ ከዚያ መጣ፤ በጠፈር ጣቢያ ውስጥ የሚደረግ ሌባና ፖሊስ። መሀል ክፍሉ ላይ ተንሳፎ የቀረ ሰው የሚገፋው ግድግዳ ካላገኘ ወይ ፍንክች፤ የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ሲወረውር ብቻ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ዕቃ በሰከንድ 7 ሜትር ፍጥነት ቢወረውር፣ ራሱ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ብይ ሰጠሁ፤ ብይ የጨረሰ ተይዟል። ይህን ወደዱልኝ። እውነተኞቹ ጠፈርተኞችም ቢሆኑ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አያጡም። በ2021፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የነበሩት በመጡበት መንኩራኩር ለሁለት ተከፍለው፣ ወለል የሌለው ጂምናስቲክና በእጅ የማይነካ ኳስ ተወዳድረዋል። ኳሷን የሚገፉት በትንፋሽ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሦስተኛው ነው።

ማርስ ሁለት ጨረቃ አላት፣ ፎቦስና ዴይሞስ። የተገኙት ኦገስት 1877 ነው፤ ያገኛቸው አሳፍ ሆል የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው፣ የተገኙበት ቦታ ደግሞ እኔ ትኬት የምቀበልበት ፎጊ ቦተም። የባሕር ኃይሉ የኮከብ ማያ ያኔ እዚሁ ወንዙ አጠገብ ነበር። ፎጊ ማለት ጉማም ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ያለ ነገር አይደለም፤ ጉሙ ሰውዬውን ያስቸግረው ነበር። ፍለጋውን ሊተወው ሲል ሚስቱ አንጀሊን ስቲክኒ "ሂድና ሞክር" ብላ መለሰችው። ሄደ፤ አገኘ። ዛሬ ፎቦስ ላይ ያለው ትልቁ ጉድጓድ፣ 9 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ስቲክኒ ይባላል። በስሟ ነው።

ይህን ያነበብኩት በሌሊት ተረኛነቴ ነው። ፎቦስ በአማካይ 22 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ ነው። የስበት ኃይሉ ከመድከሙ የተነሳ በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ፍጥነት የተወረወረ ነገር አይመለስም፤ ማርስን ሲዞር ይኖራል። ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ እረኛ ወንጭፉን አንዴ ቢያስወነጭፍ ማርስ ሦስተኛ ጨረቃ ታገኛለች። ከዚያ ለመሆኑ ቀስ ብሎ የተወረወረስ አልኩና የአንድ ደንበኛ ትኬት ገልብጬ ሒሳብ ጀመርኩ። እዚህ ግማሽ ሜትር የሚወጣ ድንጋይ አንድ ሰከንድ ሳይሞላው ይወርዳል። ጨረቃ ላይ፣ በዚያው የእጅ ኃይል፣ ሦስት ሜትር ወጥቶ አራት ሰከንድ ያህል ይቆያል። ፎቦስ ላይ ወደ 900 ሜትር ይወጣል፤ እስኪወርድ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ደንበኛው ትኬቱን ፈልጎ መጣ። ይቅርታ ጠየቅኩት።

ቅዳሜ ለልጆቹ እንዲህ ብዬ አቀረብኩ። ሜዳው የስቲክኒ ጉድጓድ። ተጫዋቹ አንድ ድንጋይ ወደ ላይ ይወረውራል። ድንጋዩ እስኪመለስ፣ በመቶ ሜትር ዙሪያ የተበተኑ አራት ድንጋዮችን ለቅሞ፣ ተመልሶ፣ የወረወረውን ይቀልባል። ሃያ ደቂቃ ረጅም ይመስላል፤ ግን መሮጥ አይቻልም። ጠንከር ያለች አንድ እርምጃ ከመሬት ታነሣሃለች፤ ዘለህ ከወጣህ ከድንጋዩ እኩል ነው የምትወርደው። በደረት እየተሳቡ፣ አፈሩን እየቧጠጡ መሄድ ነው። አብዝቶ የወረወረ ድንጋዩን ለማርስ አስረክቦ ይወጣል።

ጸጥ አሉ። የሚያፏጨው ልጅ አፏጨ፤ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። የማርሱ ነጋዴ ግን ተቃወመ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተመልካች ምን ይሠራል? ትኬት የሚሸጠው እሱ ነውና ጥያቄው ከሆዱ ነው።

ይህ ልጅ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያንን የስፖርት በዓል አላየም። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ መግቢያ ላይ ከየከተማው ቡድን ይመጣል፣ ኳስ ይጫወታል። ውጭ በየድንኳኑ ግን ክትፎ ነው፣ ሙዚቃ ነው፣ ሃያ ዓመት ተጠፋፍቶ የተገናኘ ሰው መሳሳም ነው። ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ጠይቄው የማያውቅ፣ የትኛው ድንኳን ቅቤ እንደሚሰስት ግን አንድ በአንድ የሚቆጥር ጓደኛ አለኝ። ይህንን ላስረዳው አፌን ስከፍት እህቴ በደረጃው ወረደች። ረከቦት ይዛለች፤ ቅዳሜ ቡናው አይቀርም።

ከላይ ሆና ሰምታናለች። "ይኼ ቅልሞሽ አይደል እንዴ?" አለች።

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ረከቦቱ።

ነውና ምን ልበል። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ መሬት ያለውን ለቅሞ፣ የወረወሩትን መቅለብ። ሰፈራችን ውስጥ ቅልሞሽ የሴት ጨዋታ ነበር፤ ወንድ ልጅ ሲጫወት ከታየ ስም ይወጣለታል። እኔን ያስተማረችኝ እህቴ ናት፣ ከጓዳው በስተጀርባ፣ ማንም በማያይበት። ለግንብ ከመጣ የጠጠር ክምር ውስጥ ድቡልቡሎቹን እየመረጠች፣ በቀሚሷ እየጠረገች ትሰጠኝ ነበር። አንዱን ሳነሳ ጎረቤቱን ከነካሁ "ነክቷል!" ትላለች፤ "አልነካም!" እላለሁ፤ ከዚያ ጨዋታው ይቆምና ዋናው ጨዋታ፣ ጭቅጭቁ፣ ይጀመራል። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ፊዚክስ፣ የሌሊቱ ሒሳብ፣ አሳፍ ሆል፣ ሁሉም ተደምሮ የወሰደኝ እዚያው ጓዳ ጀርባ ነው።

"የኔን ጨዋታ ነው የሰረቅከው" አለች፣ ሲኒ እየደረደረች።

"ፎቦስ ላይ አድርጌዋለሁ እኮ፣ እታለም።"

"የትም አድርገው።"

እሷ ናት ተመልካች ሃያ ደቂቃ ምን እንደሚሠራ የፈረደችው። አንድ ውርወራ፣ አንድ ሲኒ። ሦስት ውርወራ አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ሳይወርድ ከሜዳ የወጣ ነውረኛ ነው፤ ነጥብ ይቀነስበታል። ከጋኒሜድ የመጣችው መሐንዲስ ይህን ቃል በቃል በደንብ መጽሐፋቸው ላይ ጻፈችው። ከዚያ እህቴ የአትክልት ማሰሮ ውስጥ ካለው ጠጠር አምስት አንሥታ ምንጣፉ ላይ በተነችና አሳየቻቸው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ እጇ አልተሳሳተም። ከአየር ወደ መሬት የወረደ ጨዋታ የእኛ የመጀመሪያው አይደለም። በ2005 ቬርሞንት፣ ሚድልበሪ ኮሌጅ፣ ተማሪዎች በሃሪ ፖተር መጽሐፍ ውስጥ በአየር ላይ የሚደረገውን ኩዊዲች መጥረጊያ በጭናቸው መሀል ይዘው መሬት ላይ እየሮጡ መጫወት ጀምረው ነበር፤ ዛሬ ኳድቦል ተብሎ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። የእኛው ጠፈር ደርሶ መሬት ለመመለስ ሩብ ሰዓትም አልፈጀበት። አምስቱም ልጆች ምንጣፉ ላይ ተንበርክከዋል። "ነክቷል!" "አልነካም!" በእንግሊዝኛ ነው፤ ዜማው ግን ያው ነው።

በደንብ መጽሐፉ የፈልሳፊ ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። የእህቴ ስም ተጻፈበት። የኔ ከታች በትንሹ "የሒሳብ አማካሪ" ተብሎ ገብቷል፤ ፒዛው አልተነካብኝም።

ውድድሩ ባለፈው ቅዳሜ ተጀመረ። እኩለ ሌሊት ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ የማርስ ቡድን በረካውን ወርውሮ፣ ሦስት ድንጋይ ለቅሞ፣ አራተኛውን እየፈለገ ነበር። ድንጋዩ እስካሁን አልወረደም።