ለወፍ የሚፈላ ሻይ

ሜሪላንድ ውስጥ ኤፕሪል ሲጋመስ፣ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ በረንዳው ላይ ቀይ ጠርሙስ መስቀል ይጀምራል። የምትጠበቀው እንግዳ ሃሚንግበርድ ናት፤ ሦስት ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ብርዱን መካከለኛው አሜሪካ አሳልፋ የምትመለስ ወፍ። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፣ 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መሬት ሳይረግጡ ያቋርጡታል። እኔ ከዳለስ አየር ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጬ፣ በላይ በላዩ እየተመገብኩ ሄጄ እንኳ ለቀናት ከራሴ ጋር አልሆንም።

የጠርሙሱን ዘር ማንዘር ስቆጥር የደረስኩት አንድ ባለጸጋ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ማርጋሬት ቦዲን የተባለች ሴት፣ ሜይን ባለው የበጋ ቤቷ ለሃሚንግበርዶች በትንንሽ ጠርሙስ የስኳር ውኃ ማጠጣቷን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ጻፈች። ጽሑፉ ቦስተን፣ እነ ዌብስተር ቤት ደረሰ። ሎረንስ ዌብስተር ሚስቱን ደስ ሊያሰኝ ብሎ፣ በ1929 ኤም.አይ.ቲ. ቤተ ሙከራ ውስጥ መስታወት እየነፋ ለሚቀርጽ ባለሙያ ጠርሙስ አዘዘ። ይህ የሚስት ስጦታ እዚያው ቤት ይቀር ነበር፤ የዚያው ተቋም መምህር ሃሮልድ ኤጀርተን ባይመጣ ኖሮ። ኤጀርተን በፈጣን የብልጭታ መብራቱ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን ክንፍ ፎቶግራፍ ላይ ቀጥ አደረገው። ሥራው በ1947 በዚያው መጽሔት ወጣ። በ1950 ደግሞ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሜዲና ከተማ ያለ ኩባንያ ጠርሙሱን ገበያ አወረደው።

በእኔ ግምት ሰው የገዛው ለወፏ አዝኖ አይደለም። እሷ የሜዳ አበባ ሞልቶላታል፤ ትንኝና ሸረሪትም ትለቅማለች። የተገዛው መስኮት ድረስ የሚመጣ ትርዒት ነው፤ መግቢያውም ስኳር።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው፤ አንድ ስኒ ነጭ ስኳር ለአራት ስኒ ውኃ፣ አፍልቶ ማቀዝቀዝ። ቀይ ቀለም አይጨመርም፤ የጠርሙሱ ቅላት ይበቃል። ሙቀት ሲበረታ ግን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ደፍቶ ማጠብ ግድ ነው።

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው አክስቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ ይህን ጉድ አየች። ስኳር በቀበሌ ወረፋ ስትገዛ የኖረች ሴት ናት።

«ለወፍ ሻይ ታፈላለህ?»

«ሻይ አይደለም እትዬ፣ ቅጠል የለውም።»

«ከሆነስ ማር አይሻላትም?»

ማር ከውኃ ጋር ሲሆን ቶሎ ይቦካል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ጠጅ እየጣለች ላደገች ሴት!

«ታዲያ ምን ቸገራት?» አለችኝ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስናይ፣ ጉሮሮ ቀዩ ወንድ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ጠርሙሱን ይጠብቃል። ጠርሙሱ አራት መጠጫ ቀዳዳ አለው፤ እሱ ከአንዱም አይጠጣም። ሌላ ወፍ ብቅ ስትል ግን እየጮኸ ወርዶ እስከ አጥሩ ያባርራታል። አክስቴ «የቀበሌ ሊቀ መንበር» ብላ ስም አወጣችለት።

ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉሮች ውጭ የለችም። አገር ቤት የአበባ ወለላ የመጠጣቱን ሥራ የሚሠሩት መንቁራቸው ጎበጥ ያለ፣ ላባቸው የሚያብረቀርቅ ሌሎች ወፎች ናቸው፤ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠጡት። አበባቸው ግን ባሕር ተሻግሯል። አጥሩ ሥር፣ ቀይና ቢጫ ቱቦ መሳይ አበባው ረጅም አገዳ ጫፍ ላይ የተደረደረ ተክል አለኝ። ሃሚንግበርዷ አየር ላይ ቆማ፣ እያንዳንዱን ቱቦ ከታች ወደ ላይ እየቀመሰች ትዞረዋለች።

«ይሄማ የእኛ የዝንጀሮ አገዳ ነው!» አለች አክስቴ።

የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ዘሩም ከአፍሪካ።

«ማን ሰጠህ?»

«ገዝቼው ነው።»

«በስንት?»

ነገርኳት። ዶላሩን በብር መንዝራ ስትጨርስ፣ ስለ ስኳሩ ማንሳቷን ተወች።