የእኩል አራሽ ጣሪያ

የኬንያን የኤሌክትሪክ የተጣራ ቆጠራ ደንብ ለአንድ የአገሬ ሰው ወደ አማርኛ ስመልስ ከሁሉ ያስቸገረኝ «ክሬዲት» የሚለው ቃል ነው። ዱቤ እንዳልለው፣ በዱቤ የወሰደ ሰው ከፋይ ነው፤ እዚህ ግን ባለዕዳው የመብራት ድርጅቱ ነው። ተቀማጭ እንዳልለው ደግሞ ያስቀመጡት ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

የነገሩ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ሲሆን ዝርዝር ደንቡ የወጣው በ2024 ነው። እስከ አንድ ሜጋዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ያለው ደንበኛ በሁለት አቅጣጫ የሚቆጥር ቆጣሪ ያስገባል፤ ቀን የተረፈውን ወደ መስመሩ ይለቃል፣ ማታ ከመስመሩ ይወስዳል። ለተረፈው የሚያገኘው ገንዘብ አይደለም። ለሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይመዘገብለታል።

«ግማሽ» ብዬ ስጽፍ የአያቶቻችን ቃል ትዝ አለኝ፦ እኩል። እኩል አራሽ ከምርቱ ግማሹን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ እስኪያስቀረው ድረስ። እዚህ መሬቱ መስመሩ ነው ማለት ነው።

ሆኖም በድርጅቱ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ምሰሶውን፣ ሽቦውንና ትራንስፎርመሩን የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ኬንያም መብራት አብዝታ የምትሻው በምሽት እንጂ በቀትር አይደለም። ደግሞም አብዛኞቻችን የኢስሊና የሌላው ሰፈር ተከራዮች ነን፤ ቶከን እየገዛን እናበራለን እንጂ የምንተክልበት ጣሪያ የለንም። ባለጣሪያው የመስመሩን ወጪ ካልተጋራ በማን ጫንቃ ላይ ሊወድቅ ነው? ስለዚህ ግማሹን፣ ቅር እያለኝም ቢሆን፣ እቀበለዋለሁ።

የማልቀበለው የጊዜ ገደቡን ነው። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ማለትም በጁን ማብቂያ ላይ ያልተነካው ሂሳብ ይሰረዛል። ናይሮቢን የሚያውቅ ሁሉ ግን ይህን ያውቃል፦ ከጁን እስከ ኦገስት ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ ብርዱም ካፖርት ያስደርባል። ሰሌዳው በሚለግምበት፣ የውኃ ማሞቂያው በሚበረታበት ወራት ደጃፍ ላይ የጃንዋሪና የፌብሯሪ ፀሐይ ያጠራቀመችው ባዶ ይሆናል። እኩል አራሹ እንኳ የደረሰውን ግማሽ ለክረምት በጎተራው ያኖር ነበር። ሒሳቡ የሚዘጋበት ቀን ወደ ሴፕቴምበር መጨረሻ ቢገፋ ድርጅቱ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ባለጣሪያው ግን የበጋውን ትርፍ ለጁላይ ደመና ያደርሰው ነበር።