መርካቶ በልጅ ጆሮ ሲሰማ

አዲስ አበባን ለማየት የሚመጣ እንግዳ መርካቶን ሳይጐበኝ አይመለስም። በከተማይቱ ምዕራብ በኩል የሚገኘው ይህ ሰፊ ገበያ ስሙን ያገኘው ከኢጣልያንኛ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ያው ገበያ ማለት ነው። ክፍሎቹ «ተራ» ይባላሉ፤ ተራ ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ወይም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በአንድነት የሚገኙበት ስፍራ ነው። ዛሬ አንባቢዎቻችንን በእነዚህ ተራዎች ይዘን እንዞራለን፤ የምናሳየው ግን ሸቀጡን ሳይሆን፥ ገበያው ለአንዳንድ ሕፃናት እንዴት እንደሚሰማቸው ነው።

በመጀመሪያ ምናለሽ ተራ እንግባ። በዚህ ስፍራ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ይሆናል። ወደዚያ የገባ ሰው መጀመሪያ ድምፁ ቢከብደውም ጥቂት ቆይቶ ይለምደዋል፤ አእምሮ የማያስፈልገውን ድምፅ ወደ ኋላ ትቶ የሚያስፈልገውን ያስቀድማልና። አንዳንድ ልጅ ግን ይህ መለየት ይቸግረዋል። መቶኛው የመዶሻ ምት እንደ መጀመሪያው ያስደነግጠዋል፤ የተሸካሚው ጩኸት፥ የመኪናው ጡሩምባና የእናቱ ድምፅም እኩል ሆነው ይመጡበታል። ስለዚህ ስትጠራው ዝም ማለቱ እንቢተኝነት አይደለም።

ከዚያ ወደ በርበሬ ተራ ስንሻገር ሌላው ሰው አስነጥሶ ሲያልፍ፥ ይህን ልጅ ያስመልሰዋል። ልብስ በሚሸጥበት ተራ የተገዛለት የበዓል ሸሚዝም ስፌቱ እንደ እሾህ ስለሚወጋው አውልቆ ይጥለዋል። በጠባቡ መተላለፊያ የመንገደኛ ትከሻ ዳሰስ ቢያደርገው እንደ ተመታ ይጮኻል።

በአንጻሩም ስሜት የሚያንሳቸው ልጆች አሉ። እነዚህ ይሽከረከራሉ፥ ይዘላሉ፥ ከጆንያ ክምር ጋር ይላተማሉ፤ ሰውን ሲያቅፉም አጥብቀው ነው። ሰውነት ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሌላ፥ ሚዛንን የሚጠብቅ የውስጥ ጆሮ፥ የእጅና የእግርንም አቀማመጥ የሚያስታውቁ ጡንቻዎችና መገጣጠሚያዎች አሉት፤ ልጆቹ የሚፈልጉት ከእነዚህ የሚገኘውን ስሜት ነው። አሜሪካዊቱ ሊቅ ጂን ኤርስ ይህን ጉዳይ መርምረው በ1972 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል።

እንግዲህ ልጁ በገበያ መካከል መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ፥ አላፊ አግዳሚው «ቀብጦ ነው፤ ቅጣት አጥቶ ነው» ይላል። እናቲቱም አፍራ ትመለሳለች፤ ቀጥሎም ልጁን ይዛ መውጣቷን ትተዋለች። ጉዳቱ የከፋው በዚህ ነው፤ ልጁ ከሰው ርቆ፥ በር ተዘግቶበት ያድጋልና። ይህ ችግር ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ አዘውትሮ ይታያል፤ ኦቲዝም በሌለባቸውም ላይ ይገኛል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሲሆኑ፥ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን ማዕከል ማቋቋማቸውና ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ መናገራቸው የብዙ ወላጆችን ኀፍረት አቃሏል።

የሚረዳው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ገበያ የሚወጡ ወላጆች ሰው ሳይበዛ በማለዳ ቢሄዱ፥ የሚያልፉበትን ስፍራ ለልጁ አስቀድመው ቢነግሩት፥ ጆሮውን የሚሸፍንበት ቢይዙለት፥ አዲሱንም ልብስ አጥበው ቢያለሰልሱት ይቀለዋል። እኛም ሕፃን ባየን ቁጥር ጉንጩን አገላብጠን መሳም ልማዳችን ስለ ሆነ፥ ወደ ኋላ የሚሸሸውን ልጅ ከሩቅ ሰላም ብለነው እንለፍ።

በመሥሪያ ቤት ያሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። ሰው በሞላበት አዳራሽ ልጅዋ ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስባትን እናት ሲያዩ፥ «ዝም አሰኚው» ከማለት ይልቅ፥ «እመቤቴ፥ ከደጅ ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ ተራዎ ሲደርስ እንጠራዎታለን» ይበሏት። ይህን ያህል ከተደረገላት ጉዳይዋን ፈጽማ፥ ልጅዋንም ይዛ በሌላ ቀን ትወጣለች።